በወረርሽኝ ጊዜ እድርን መምራት፦ ለቅሶው ሳይቀር ሥርዓቱን መለወጥ

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. አጋማሽ በሰፈራችን አንድ ሰው ሞተ። የገደለው ሌላ በሽታ ነበር፤ ነገር ግን ኮሮና አገር መግባቱ ከተነገረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ስለነበር እድራችን ድንኳኑን የጣለው ጎንና ጎኑን ገልጦ፣ አግዳሚዎቹን አራርቆ፣ በመግቢያው ላይም ባለ ቧንቧ በርሜል አስቀምጦና ሳሙና አንጠልጥሎ ነበር። የሟች የአርባ ዓመት ወዳጅ የነበሩ አንድ አዛውንት እጃቸውን ታጥበው ገቡ። የሟች ባለቤት ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ አዛውንቱም እንደ ልማዳቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ድንገት ቆሙ። እጆቻቸው ተዘርግተው ቀሩ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እነዚያን እጆች ያይ ነበር። ከዚያ አዛውንቱ እጃቸውን ሰብስበው ከዳር ባለው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡና አለቀሱ፤ ወዳጃቸው ስለ ሞተ ብቻ ያለቀሱ አልመሰለኝም።

ያን ጊዜ የእድሩ ጸሐፊ ነበርሁ። መግቢያው ላይ የለጠፍነውን ወረቀት የጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ «መጨባበጥ፣ መተቃቀፍና መሳሳም ክልክል ነው» ይላል። አዛውንቱ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። ይህን መመሪያ ለእድር ዳኞች፣ ለጸሐፊዎችና ለገንዘብ ያዦች ስጽፍ ዋናው ምክንያቴ ያ ወረቀት ነው። ወረርሽኝ ልማድን ይለውጣል፤ ይህ በእኛ ፈቃድ ላይ የቆመ አይደለም። በእኛ እጅ ያለው ለውጡ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እያሳፈረ እንዲመጣ መተው ወይም ማኅበሩ መክሮበት እንዲቀበለው ማድረግ ነው።

እድር ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። በአገራችን ለቅሶ አለመድረስ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ቂም ያስይዛል፣ ዝምድናን ያቋርጣል፣ በብዙ እድሮችም በደንብ የተጻፈ ቅጣት አለው። ስለዚህ አንድ አባል «ሳል ይዞኛልና ልቅር» ብሎ ቢያስብ እንኳ ነገ በመንገድ የሚጠብቀው ኩርፊያ ከበሽታው ይልቅ ያስፈራዋል። መንግሥት መከልከል ይችላል፤ በመጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ሰላምታ በመጨባበጥ መለዋወጥን ሳይቀር ከልክሎ ነበር። አዋጅ ግን ይሉኝታን አያነሣም። ይሉኝታን የሚያነሣው ይሉኝታውን የፈጠረው ማኅበር ራሱ ነው። እድሩ «አትምጡ» ብሎ የወሰነ ዕለት የቀረው ሰው ክፉ መባሉ ቀርቶ ደንብ አክባሪ ይሆናል፤ ነውሩም ከግለሰቡ ትከሻ ላይ ይወርዳል።

አስቀድሞ በሽታውን መለየት

ኮሚቴው ተሰብስቦ ማናቸውንም ነገር ከመወሰኑ በፊት በአካባቢው ካለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጠርቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ በሽታው የሚተላለፈው በምን መንገድ ነው? ለሁሉም ወረርሽኝ የሚሆን አንድ ዓይነት የለቅሶ ሥርዓት የለምና፣ መልሱን ሳያውቁ መወሰን አደጋ የሌለበትን ከልክሎ አደጋ ያለበትን ወደ መተው ያመራል።

እንደ ኮሮናና እንደ ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ዋናው አደጋ ያለው አስከሬኑን ሊሸኝ በመጣው ሕዝብ ዘንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በኮቪድ-19 የሞተ ሰው አስከሬን በአብዛኛው በሽታ እንደማያስተላልፍ ገልጾ ነበር፤ እኛ ግን በዚያው ወቅት አስከሬኑን እየሸሸን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን የተቀመጥንባቸው ቀናት ነበሩ። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማልቀስና ሙሾ ማውረድ ከጸጥታ ይልቅ ብዙ ትንፋሽ ስለሚያወጣ፣ ዝግ ቦታና ብዙ ሰው ሲጨመርበት አደጋው ይበዛል።

እንደ ኢቦላና ማርበርግ በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፍ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። አስከሬኑ ራሱ እጅግ አደገኛ ይሆናል፤ ማጠብ፣ መገነዝ፣ ግንባሩን መሳም ሁሉ ለሠለጠነ ቡድን መተው ወይም መቅረት አለበት። ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ተረጋግጦ ነበር። እንደ ኮሌራ በውኃና በምግብ የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ ከአስከሬኑ አጠባ ሌላ በርትቶ መጠበቅ ያለበት የለቅሶ ቤቱ ማድጋ፣ ንፍሮውና የሚታደለው እንጀራ ነው።

ሥርዓቱን መበተን

ይህ የሥራው እምብርት ስለሆነ ኮሚቴው አንድ ሙሉ ስብሰባ ቢሰጠው አይበዛበትም። «ለቅሶ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ብዙ ሥራዎች የተጠላለፉበት ነው። ሞቱን ማስታወቅ፣ መርዶ ማርዳት፣ መገነዝ፣ ድንኳን መጣል፣ ማልቀስ፣ ወደ መቃብር መሸኘት፣ ፍትሐት ወይም ሶላት ማድረስ፣ ሐዘንተኛውን መመገብ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ሰልስት ማውጣት፣ የእድሩን ገንዘብ መስጠት፣ አርባ ማውጣት። እነዚህን በወረቀት ላይ አንድ በአንድ ጻፏቸውና በእያንዳንዱ ፊት ሁለት ጥያቄ አንሡ፦ ይህ የሚደረገው ለምንድን ነው? ያን ዓላማ በሌላ መንገድ መፈጸም ይቻላል ወይ?

ለምሳሌ አብሮ መቀመጥን እንውሰድ። ዓላማው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ለዚህ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ መቀመጡ ግድ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር በደኅናውም ጊዜ ሁለት መቶው ሰው በመጀመሪያው ቀን ተጨናንቆ ዋለና በአምስተኛው ቀን ቤቱ ባዶ ሆኖ የቀረባቸውን ብዙ ቤቶች አውቃለሁ። ተራ ማውጣት ይቻላል። 120 አባወራ ያለው እድር በሦስቱ ቀን፣ በየቀኑ ለስድስት ሰዓት የአንድ አንድ ሰዓት ተራ ቢያወጣ 18 ተራ ይኖረዋል፤ በአንድ ተራ የሚደርሰውም ሰባት ሰው ቢሆን ነው። ሰባት ሰው በግቢ ውስጥ፣ ያውም ከቤት ውጭ፣ ተራርቆ መቀመጥ አያቅተውም። ተራውንም ወደ ሳምንትና ወደ ሁለት ሳምንት መዘርጋት ይቻላል፤ የሐዘን ቤት ጭር የሚለው ያን ጊዜ ነውና።

ከመቃብር መልስ የሚቀርበው ምግብ ዓላማው በሐዘን ቤት እሳት እንዳይነድና ቤተሰቡ ጾሙን እንዳይውል ነው። ሰው ሁሉ ከአንድ ትሪ መጉረሱ ግን የዓላማው አካል አይደለም። ምግቡ በየተራው ከየቤቱ በክዳን ተሸፍኖ ለቤተሰቡ ብቻ ይሂድ፤ ለለቀስተኛው ንፍሮና ሻይ ማቅረቡ ይቅር። በዚህ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ካዝና ከሚመለስ በጥሬው ለቤተሰቡ ቢሰጥ ይሻላል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ሥራ ስለሚቆም አንዳንዱ ቤት ከሐዘኑ ጋር ረኀብም ይገባዋልና።

ሰላምታው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ክርን ለክርን መነካካት እንደ ፋሽን ገብቶ ነበር፤ በመንገድ ላይ ለሚገናኙ ወጣቶች ምንም አይልም፣ በለቅሶ ቤት ግን ቀልድ ይመስል ነበር። ከሩቅ መዋስ ሳያስፈልገን የራሳችን ነገር ነበረን። አባቶቻችን እጅ ይነሡ ነበር፤ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ ሰላምታ መስጠት በትልልቆች ፊት ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም ከመጨባበጥ የበለጠ አክብሮት ያለበት ነው። እነዚያን አዛውንት «እጅ ነሥተው ይግቡ፣ እዚህ ጋር ቆመው ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ይበሉ፣ ከዚያ ይቀመጡ» ብሎ በር ላይ የሚነግራቸው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እጆቻቸው ተዘርግተው አይቀሩም ነበር። የተከለከለውን ብቻ የሚናገር ማስታወቂያ ግማሽ ማስታወቂያ ነው፤ በእያንዳንዱ «አይደረግም» ፊት አንድ «ይህ ይደረግ» ጻፉ። ምትኩንም ከምታውቁት ባህል ውስጥ ፈልጉ፤ ሰው አያቱ ሲያደርገው ያየውን ነገር በቶሎ ይለምደዋል።

ከሃይማኖት አባቶች ጋር መነጋገር

ኮሚቴው በእምነት ጉዳይ አይወስንም፤ ግን ሳይጠይቅ አይቀመጥ። በብዙ የከተማ እድሮች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ስለሚገኝ፣ የአጥቢያውን የደብር አስተዳዳሪ፣ የመስጊዱን ኢማምና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮችን ለየብቻ አነጋግሩ። በኦርቶዶክስ ፍትሐቱን የሚያደርሱት ካህናት ስለሆኑ የሸኚው ቁጥር ማነስ ጸሎቱን አያጎድለውም። በእስልምና የጀናዛ ሶላት የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ የሚወርድ፣ ፈርድ ኪፋያ የሚባል የጋራ ግዴታ ነው፤ ማጠብ አደገኛ በሆነበት ጊዜም ተየሙም፣ ማለትም ያለ ውኃ የሚደረገው ንጽሕና፣ በምትኩ ስለሚሆንበት ሁኔታ ዑለማዎች የሚሰጡት ፍርድ አለ። እነዚህን ነገሮች ሕዝቡ ከእድር ጸሐፊ አፍ ከሚሰማ ከአባቶች አንደበት ቢሰማ ይቀበላል።

በዚህ ረገድ ምዕራብ አፍሪካ የከፈለችው ዋጋ ትምህርት ይሆነናል። ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰው በኢቦላ ሲያልቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች አስከሬኑን በከረጢት ጠቅልለው ቤተሰቡ ሳያይ ይወስዱት ነበር። ሕዝቡም ሟቹን መደበቅና በሌሊት መቅበር ጀመረ፤ በሽታውም ተስፋፋ። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ከክርስቲያንና ከሙስሊም አባቶች ጋር ሆኖ ደኅንነቱም ክብሩም የተጠበቀ የቀብር ሥርዓት አወጣ፤ ቤተሰቡ ከርቀት ቆሞ እንዲያይ፣ ጸሎት እንዲደርስ፣ ለሙስሊሙም ያለ ውኃ የሚደረገው ንጽሕናና ከፈኑ እንዲፈጸምለት ተፈቀደ። ቀብሩ ክብር ሲያገኝ መደበቁም እየቀነሰ ሄደ።

በእኛም አገር የ2012ቱ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ አብዛኛው ምእመን ቅዳሴውን ከቤቱ በቴሌቪዥን የተከታተለበት ነበር፤ በግንቦት የዋለው የኢድ አልፈጥር ሶላትም በአዲስ አበባ ስታዲየም አልተሰገደም። ይህ የሆነው አባቶች ራሳቸው ስለተናገሩ ነው፤ ቢሆንም በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆመው ያለቀሱ እናቶችን ሁላችንም አይተናል።

ውሳኔውን ማጽደቅና ማስታወቅ

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ውሳኔው በቃል አይቅር። ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት የማይቻል ከሆነ ደንባችሁ ለአስቸኳይ ጉዳይ ለኮሚቴው የሚሰጠውን ሥልጣን ተመልከቱ፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ ከሌለ የየጎጡን ተወካዮች ፊርማ በየቤታቸው ዞራችሁ ሰብስቡ። ቃለ ጉባኤው ቢያንስ አራት ነገር ይያዝ፦ ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ፣ በቀሪዎች ላይ የነበረው ቅጣት መነሣቱንና ውሳኔው እንደገና የሚታይበትን ቀን። ሦስተኛው እንዳይረሳ፤ ቅጣቱን ሳያነሡ «አትምጡ» ማለት ሰውን በሁለት በትር መምታት ነው። እንዲያውም ቅጣቱን ገልብጣችሁ፣ ትኩሳትና ሳል እያለበት ለቅሶ ቤት የተገኘን አባል የሚመለከት አንቀጽ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ በገንዘብ መቅጣቱ ግን አይታየኝም፣ በር ላይ በአክብሮት መመለስ ይበቃል።

ማስታወቂያው ሰው በሚሰማበት መንገድ ሁሉ ይነገር። ወጣቱ በቴሌግራም ያየዋል፤ እማማ ግን ጎህ ሲቀድ ከሚነፋው ጡሩምባ ሌላ አይሰሙም። ስለዚህ ጡሩምባ ነፊው የሚለውን ቃል በቃል ጽፋችሁ አስጠኑት፤ በሞቅታ የፈለገውን ከጨመረበት ውሳኔያችሁ ይበላሻል። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የእድራችን አባል እገሌ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብሩ ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው። ወደ መቃብር የሚሄዱት ቤተሰብና የዛሬ ተረኞች ናቸው፤ ሌላው በየደጁ ቆሞ ይሸኝ። ለቅሶ የመድረሻ ተራችሁን ከጎጥ ተወካያችሁ ጠይቁ። ያልመጣ አይቀጣም፤ ያመመው ቤቱ ይቆይ።»

«በየደጁ ቆሞ ይሸኝ» የሚለው በዘፈቀደ የገባ አይደለም። አስከሬኑ የተጫነበት መኪና በሰፈሩ ዋና መንገድ ቀስ ብሎ ቢያልፍና ሰው ሁሉ ከደጁ ቆሞ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቢሸኝ፣ ቤተሰቡ «ወገናችን ያለ ሰው ተቀበረ» አይልም። በዚያ ዘመን ይህን ያደረገ አንድ ሰፈር አይቻለሁ፤ መኪናው ሲያልፍ የተሰማው ጸጥታ ከማናቸውም ሙሾ ይከብድ ነበር።

በዕለቱ

በር ላይ ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ ከሽማግሌዎች፣ አንዱ ከወጣቶች። ወጣቱ ብቻውን ከሆነ ትልቅ ሰው መመለስ ያሳፍረዋል፤ ሽማግሌው ግን «ወንድሜ፣ ተራህ ነገ ነው» ማለት ይችላል። ድንኳን ከተጣለ ጣራው ብቻ ይሁን፤ ጎኑ ሁሉ ይከፈት። አግዳሚው በሁለት ሜትር ይራራቅና የሚቀመጡበት ቦታ በኖራ ምልክት ይደረግበት። የእጅ መታጠቢያው ውኃ ሳያልቅ የሚሞላ ሰው በስም ይመደብ፤ ስም ያልተጠራበት ሥራ የማንም አይደለም። የእድሩ ብርጭቆና ሳህን ከግምጃ ቤት ባይወጣ ይመረጣል። ለመዋጮና ለቤተሰቡ ለሚሰጠው ገንዘብ ባንክ ወይም ቴሌብር ተጠቀሙ፤ ለሌላቸው አረጋውያን ግን ገንዘብ ያዡ በየቤታቸው ይድረስ እንጂ በቢሮ አያሰልፋቸው።

መርዶን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የእኛ መርዶ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ሳይወጣ ደርሶ የሚያረዳው ነው፤ ምክንያቱም ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ የሚይዘው ክንድ ያስፈልገዋል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ሁሉ ወደ ስልክ ይሸሻል፤ ከዚያም የከፋው ልጅ የአባቱን ሞት በፌስቡክ ያነብባል። ኮሚቴው አንድ ደንብ ያውጣ፦ የቅርብ ቤተሰብ ሁሉ ሳይረዳ ማንም በቴሌግራምም በሌላም እንዳይጽፍ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ወይም ሪያድ ያለ ልጅ ከሆነም በቀጥታ ከመደወል በፊት አብሮት የሚኖረውን ወይም በቅርብ ያለውን ወዳጅ ፈልጉ፤ እሱ ደርሶ አጠገቡ ከሆነ በኋላ ከእናቱ ጋር አገናኙት። በባዕድ አገር፣ ያውም በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ልጅ፣ ብቻዋን በስልክ መርዶ መስማት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ቀብሩን በቪዲዮ ማስተላለፍም ይቻላል፤ ግን ስልኩን የሚይዘው ሰው ከቤተሰቡ ወገን አይሁን፤ ሐዘንተኛ ካሜራማን መሆን የለበትም።

በበሽታው የታመመውን ቤት ስለ መጠበቅ

ወረርሽኝ ማንነታችንንም ይነካል። «እንግዳ ተቀባይ ነን» የምንል ሰዎች በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ጃፓናዊ መሆኑ በተነገረ ማግስት በመንገድ ላይ የውጭ አገር ሰው ስናይ ምን ስንጮህ እንደነበር አንርሳ። በሰፈርም እንዲሁ ነው። ከማቆያ የተመለሰን ጎረቤት ደጅ ማቋረጥ የተውን፣ ልጆቹን ከልጆቻችን ያራቅን ብዙ ነን። እድር እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላል፤ ለታመመው ቤት ጥየቃ ተራ ያውጣ። ተረኛው በር ድረስ ይሂድ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ድምፁን ያሰማ፣ የሚያስፈልገውን ገዝቶ ያስቀምጥ። የሟቹ የበሽታ ዓይነት በማስታወቂያ ላይ አይጠቀስ፤ የቀብሩን ሁኔታ የሚወስን ሆኖ ካልተገኘ በቀር የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። የዳነውን ሰው ደግሞ ኮሚቴው በሚቀጥለው ለቅሶ ተረኛ አድርጎ ይመድበው፤ ከስብከት ሁሉ ይልቅ ሰፈሩ እሱን በር ላይ ቆሞ ማየቱ ፍርሀቱን ያበርደዋል።

ማንሣትና የቀረውን ለቅሶ መክፈል

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ የጤና ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን የገለጸው በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ ድንኳኖች ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው፣ ማንም ሳይወስን፣ ቀስ በቀስ ሞልተው ነበር። ማንም ያላነሣው ክልከላ እየተሸራረፈ ሲቀር፣ መጨረሻ ላይ ደንቡን ሲያከብር የቆየው ሰው እንደ ሞኝ ይቆጠራል፤ በሚቀጥለውም ወረርሽኝ ማንም አያከብርም። ስለዚህ በቃለ ጉባኤው በተያዘው ቀን ተሰብስባችሁ ወይ አራዝሙ ወይ አንሡ፤ ማንሣቱንም በጡሩምባ አስነግሩ።

ሲነሣ ሁሉም ነገር እንደነበረው ይመለስ ማለት አይደለም። የበሩ በርሜልና ሳሙና ቢቀር እወዳለሁ፤ ብዙ እድሮች ወጪ የሚያበዛውን ድግስ መሳይ ሰልስት በዚያ ወቅት ካቆሙ በኋላ ያልመለሱት ለበጎ ነው ብዬ አምናለሁ። ለቅሶ መድረስ ግን ይመለስ። ተራው አመቺ ስለሆነ ብቻ ወዳጅን በተራ ብቻ ማስተዛዘን የለመደ ሰፈር አንድ ትልቅ ነገር ይጎድልበታል።

በክልከላው ወራት የተቀበሩት ደግሞ ዕዳ ናቸው። መዝገቡን ገልጣችሁ በዚያ ጊዜ ሰው ያጡትን ቤቶች በዝርዝር አውጡ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ እያንዳንዱ ቤት ሂዱና ያን ጊዜ ያልተባለውን አሁን በሉ። «ካለፈ በኋላ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል» የሚል አይጠፋም፤ እኛም ፈርተን ነበር። በአንድ ቤት የገጠመን ግን ሌላ ነው። ልጅቱ አባቷ ከሞተ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖት ነበር፤ ገብተን ስንቀመጥ ሳትናገር ወደ ጓዳ ገብታ ቡና ማፍላት ጀመረች፣ እጣኑን ስታጨስም አለቀሰች። እስከዚያች ቀን በሰው ፊት አላለቀሰችም ነበር።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል፣ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን እናቃጥላለን፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ጭሱ በየደጁ ሲነሣ ግን ለምን እንደሚነሣ ልጆቻችንን ብንጠይቅ ብዙዎቹ አያውቁም፤ ልማዱ ቀርቶልን ምክንያቱ ጠፍቶብናል። እናንተ ምክንያቱን ከውሳኔው ጎን ጻፉት፦ በሽታው ምን ነበር፣ በምን ይተላለፍ ነበር፣ የትኛውን ሥርዓት በምን ተካችሁ፣ የትኛው ሠራ፣ በየትኛው ተሳሳታችሁ። እኔ የለጠፍሁት ያ ግማሽ ማስታወቂያም በእድራችን ፋይል ውስጥ፣ የጎደለው በቀይ ብዕር ተጨምሮበት፣ ተያይዟል። አዲስ ኮሚቴ ሲመረጥ ነባሩ የሚያስረክበው ማኅተም፣ የቼክ ደብተር፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍና ጡሩምባው ነው፤ ይህም ፋይል በርክክቡ ዝርዝር ላይ አምስተኛ ሆኖ ይጻፍ፣ ተረካቢውም አንብቦ ይፈርምበት።